የሚያረጅ ገንዘብ፦ የስድስት ወር ንባቤ ከደብረ ብርሃን

ባለፈው ጥቅምት ስለ ገንዘብና ስለ ፖለቲካ በራሴ ጊዜ ማንበብ እንደጀመርኩ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን መጋቢት እያለቀ ነው፤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጠባሴ በኩል ባለ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሒሳብ እይዛለሁ። ወደዚህ የገፋኝ የሱቃችን የዋጋ ደብተር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። የቆርቆሮና የሚስማር ዋጋ በእርሳስ መጻፍ የጀመርነው ያኔ ነው። ደንበኛ «ትናንት የነገራችሁኝ ዋጋ የት ሄደ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ቀኑን ሙሉ ብር እየቆጠርኩ ብር ምን እንደሆነ አለማወቄ በጣም አሳሰበኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ባክነዋል። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አያለሁ፣ አንድም ነገር አልጽፍም። ይባስ ብሎ «በወር እጥፍ ይሆናል፣ ሰው ካመጣህ ደግሞ ድርሻ አለህ» ያሉኝን አምኜ 6,000 ብር ልኬ ቀለጠ። ትርፉ ከየትኛው ሥራ እንደሚመጣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። አዲስ ከገባ ሰው ኪስ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የመጨረሻዎቹ መክሰራቸው የማይቀር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ገዝቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በአንዱ በኩል «ያነበብኩት»፣ በሌላው «እዚህ ቢሆን»። እውነተኛው ትምህርት የጀመረው ከዚያ ነው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ሲልቪዮ ጌሴል ነው። አርጀንቲና የነገደ ጀርመናዊ ነጋዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመኗ ባቫሪያ በተቋቋመው የአብዮተኞች መንግሥት ውስጥ ለጥቂት ቀናት የገንዘብ ኃላፊ ሆኖ፣ በኋላ በአገር ክህደት ተከስሶ ነፃ ወጥቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ድንች ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል፣ ገንዘብ ግን ሳይበላሽ ስለሚቀመጥ ባለ ገንዘቡ በገበሬውና በሠራተኛው ላይ ጉልበት ያገኛል፤ ስለዚህ ገንዘብም እንደ ዕቃው ያርጅ። የኦስትሪያዋ ትንሽ ከተማ ቨርግል እ.ኤ.አ. በ1932 ሞከረችው። ከንቲባው ሚካኤል ኡንተርጉገንበርገር ያሳተመው የገንዘብ ወረቀት ዋጋው እንዲጸና በየወሩ የ1 በመቶ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። ሰው ይዞት ከሚከፍልበት ያወጣዋል። መንገድ ተሠራ፣ ድልድይ ተሠራ፣ ሥራ ፈቶች ተቀጠሩ። በ1933 የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ አስቆመው።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። በልጅነታችን አሞሌ ጨው ምድጃ ላይ ሰቅለው ከእርጥበት ይጠብቁት እንደነበር ታወራልን ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በራቀ ቁጥር ይወደድ፣ ከተሸረፈ ይረክስ ነበር። ጌሴል ከመወለዱ በፊት የእኛ ሰው የሚያልቅ ገንዘብ ይዞ ይገበያይ ነበር ማለት ነው! ከጎኑ ደግሞ የማያልቀው ጠገራ ብር ነበር፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ እንኳ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ የተመታው። ሰው የንግሥቲቱን የጌጥ ነጠብጣብ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ጠገራው ይቀበራል፣ አሞሌው ይዞራል። ይህን «እዚህ ቢሆን» በሚለው ሥር ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ አላጋነንኩም።

ከዚያ የራሳችንን ብር አሰላሁ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ 107 አገኘ፤ በ100 ይገዛው የነበረው ግን 130 ገባ። የቨርግል ቴምብር በዓመት 12 ብቻ ነው የሚወስደው። የእኛ ብር ከዚያ በላይ አርጅቷል። ልዩነቱ፣ ቨርግል ላይ ስንት እንደሚቀነስና ገንዘቡ የት እንደሚገባ አስቀድሞ ተነግሯል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ግብር ከሆነ በግልጽ ይነገረን።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ቢትኮይን የጌሴል ተቃራኒ ነው፤ ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ስለተገደበ ሰው ያስቀምጠዋል እንጂ ዳቦ አይገዛበትም። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1879 መንግሥት ቤቱን ትቶ በመሬቱ ዋጋ ላይ ብቻ ግብር ይጣል ያለው ግን ደጋግሞ ያስነሳኛል። የእኛ አገር መሬት ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ወዲህ አይሸጥም፤ ከተማ ውስጥ በሊዝ ይያዛል። ነገር ግን አስፋልት ዳር ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት ሲሸጥ የሚከፈለው ለጭቃው አይደለም። መንገዱን ያሠራው ሕዝብ ነው፤ ትርፉን የሚወስደው ሻጩ ነው። በዚህ ላይ ገና እያነበብኩ ነው።

ያነበብኩትን ወደ እቁባችን ይዤው ሄድኩ። አሥራ ሁለት ነን፣ በወር 2,000 ብር እንጥላለን። መጀመሪያ የደረሰው በ24,000ው ቆርቆሮ ይገዛል፤ በዓመቱ የሚደርሰው በዚያው ብር ያንኑ ያህል አያገኝም። «ኋላ የሚወጣለት ጭማሪ ይታሰብለት» አልኩ። የእቁቡ ዳኛ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። ግን ጭማሪ ካስገባህ አበዳሪና ተበዳሪ እንሆናለን፤ ያኔ የታመመ ሰው ዕጣ ልለዋወጥ ሲል ማን እሺ ይለዋል?» አሉኝ። «እንግዲህ ምን ይሻላል ጋሼ?» ብላቸው ለአፍታ አስበው፣ «ጊዜውን እናሳጥረው» አሉ።

እኔ ስድስት ወር አንብቤ ያልመጣልኝ ነው። አንዲት እናት «ዕጣው ካነሰ በሬ አይገዛም» ብለው ተከራከሩ፤ እውነታቸውን ነው፣ በዚያ ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ለአንድ ዙር እንሞክረው ተባለ። ከፋሲካ በኋላ 1,000 ብር በየ15 ቀኑ እንጥላለን። የመጨረሻው ዕጣ ጥቅምት ላይ ይወጣል፤ የዛሬውን የቆርቆሮ ዋጋ በብዕር ጽፌ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጫለሁ።