የኮምፓሴ ደቡባዊ ጫፍ ለምን ያዘነብላል?

ከአውሮፓ የመጣልኝ አንድ ኮምፓስ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን መርፌው ደቡባዊ ጫፉን ወደ ታች ይደፋል። ብልሽት አይደለም። በአውሮፓ የምድር መግነጢሳዊ መስክ የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ ቁልቁል ስለሚስበው፣ አምራቾች ሚዛኑን እንዲጠብቅ በደቡቡ በኩል ጥቂት ክብደት ያክሉበታል፤ የመግነጢስ ወገብ (መስኩ ወደ ላይም ወደ ታችም የማያዘነብልበት መስመር) በሚያልፍባት በአገራችን ግን መስኩ አግድም ስለሆነ ያ ክብደት ትርፍ ይሆናል።

ይህን ያነሣሁት፣ የምድር መግነጢሳዊ ዋልታዎች በቅርቡ ተገልብጠው የሰውን ልጅ ያጠፋሉ የሚል መልእክት አንድ ባልደረባዬ ስላሳየኝ ነው። ዋልታው መንቀሳቀሱስ እውነት ነው። ጄምስ ክላርክ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1831 በሰሜን ካናዳ የደረሰበት መግነጢሳዊ ሰሜን ዋልታ ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ ተጠግቷል፤ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍጥነቱ በዓመት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ስለነበር፣ አውሮፕላኖችና ስልኮች አቅጣጫ ለማወቅ የሚጠቀሙበት የዓለም መግነጢሳዊ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት ቀጠሮው ቀድሞ ታድሷል። መንስኤው ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች ያለው የቀለጠ ብረት እንቅስቃሴ ነው። የመስኩ ጥንካሬም ባለፉት 200 ዓመታት 9 በመቶ ያህል ቀንሷል።

መገልበጡ ግን በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሺህ ዓመታት ይፈጃል። የመጨረሻው የሆነው ከ780,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ቀደምት ሰዎች አልጠፉም። ከ41,000 ዓመታት በፊት መስኩ እጅግ በተዳከመ ጊዜም የእኛው ዝርያ አልፎታል። ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር የሚከላከልልን መስኩ ብቻ አይደለም፤ በላያችን ያለው አየር ክብደቱ አሥር ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር የሚስተካከል ጋሻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰውነታችን ሳይሆን ሽቦዎቻችን ናቸው። መጋቢት 1989 (እ.ኤ.አ.) ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል መስኩን ሲያናውጠው በኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ያልተፈለገ ጅረት ፈጥሮ፣ የኪዩቤክ መብራት በ90 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተቋርጧል፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል በጨለማ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ፣ ከመግነጢስ ወገብ በላይ ባለው የአየር ንብርብር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚፈጠረው መዛባት የጂፒኤስን ምልክት ያውካል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ በዚህ ወገብ አጠገብ መገኘቱ፣ የሚመዘግበው ልኬት በሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ እንዲሆን አድርጎታል።