ግዴታው ከፋዩን ብቻ አይሰር

የጤና መድኅን አባልነት በሕግ ግዴታ ይሁን ወይስ በፈቃድ ይቆይ በሚለው ክርክር እኔ ከግዴታው ወገን ነኝ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች፣ ከእነዚህም አንዷ በሆነችው በጣና ዳሯ ፎገራ፣ በሙከራ የተጀመረው፣ መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ገበሬና ነዋሪ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነበር። በፈቃድ ሲሆን ግን ሕመም የጸናበት ቤተሰብ ፈጥኖ ይመዘገባል፤ ጤነኛው ዛሬ ነገ እያለ ይቆያል፤ የመዋጮው ቋትም ይሳሳል። ሰው ከሞተበት በኋላ ዕድር ልግባ የሚለውን የሚቀበል ዕድርተኛ የለም።

ነገር ግን ግዴታው የሚያስረው ከፋዩን ብቻ ከሆነ ፍትሕ የለውም። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ከወጪው ከፊሉን ራሱ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ መድኃኒት ያላቀረበውን ተቋም ግን ማን ይጠይቀዋል? የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት አክስቴ ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው መዋጮው የታደሰበትን ደብተር ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ቢያሳዩም፣ ማዘዣው «ከውጭ ይግዙ» ተብሎ ተመለሰላቸው። ደብተሩን በፕላስቲኩ ጠቅልለው ካስገቡ በኋላ የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው ብር ሲቆጥሩ አጠገባቸው ነበርሁ። ሠራተኛዋን አልወቅሳትም፤ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ለሰጠው አገልግሎት መድኅኑ ክፍያውን በወቅቱ ያላደረሰለት ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ መድኅኑ የተቋማትን ሒሳብ የሚከፍልበት የጊዜ ገደብ በሕግ ሊቀመጥለትና ሲያሳልፍም ሊጠየቅ ይገባል። ተቋሙም የታዘዘው መድኃኒት ሲያልቅበት ውል ከገባበት መድኃኒት ቤት አባሉ ሳይከፍል እንዲወስድ የማድረግ ግዴታ ይኑርበት። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት መዋጮውን መሸፈኑ መልካም ነው፤ ሆኖም ከውጭ ግዙ ሲባሉ የሚፈቱት ቋጠሮ እንኳ የሌላቸው እነርሱው ናቸው።

ለደመወዝተኛው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 እና ማስፈጸሚያ ደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ቢደነግጉም፣ አፈጻጸሙ ለዓመታት ሲተላለፍ ኖሯል። የደመወዝ ቅነሳውን የተቃወመውን መምህርና የጤና ባለሙያ ራስ ወዳድ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የጤና ባለሙያው በተለይ የመደርደሪያውን ባዶነት ከማናችንም ይልቅ ያውቀዋል።