ከአራት ዓምዶች ወደ አንዲት ቃል፦ የኡሱል አል-ፊቅህ ጥናቴ በሦስተኛው ወር

የኡሱል አል-ፊቅህን (የእስልምና ሕግ ከምንጮቹ የሚወጣበትን ዘዴ) ጥናት ስጀምር ያዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ቁርኣን፣ ሱና (የነቢዩ ንግግርና ተግባር)፣ ኢጅማዕ (የሊቃውንት ስምምነት) እና ቂያስ (ከተደነገገ ጉዳይ ጋር በማመሳሰል ብያኔ ማውጣት) የተባሉ አራት ዓምዶች ነበሩት። በየዓምዱ ሥር የሐነፊ፣ የማሊኪ፣ የሻፊዒይና የሐንበሊ መዝሀቦችን (የሕግ ትምህርት ቤቶችን) አቋም ብሞላ የልዩነታቸው ምክንያት ወለል ብሎ የሚታየኝ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ሰንጠረዡን ትቼዋለሁ፤ ካጠናኋቸው ልዩነቶች ብዙዎቹ የሚነሡት ከምንጮቹ መብዛትና ማነስ ሳይሆን፣ ሁሉም የተቀበሉትን አንድ አንቀጽ ከሚረዱበት መንገድ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የሱረቱል በቀራ 228ኛ አንቀጽ ነው። አንቀጹ የተፈታች ሴት ሦስት «ቁርእ» እንድትጠብቅ ያዛል፤ ቃሉ ግን በዐረብኛ የወር አበባንም ሆነ በሁለት የወር አበባ መካከል ያለውን የንጽህና ጊዜ ሊያመለክት ይችላል። ሐነፊዎች የመጀመሪያውን ትርጉም ሲመርጡ፣ ማሊኪዎችና ሻፊዒዮች ሁለተኛውን ይዘዋል። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቀኖቹን በወረቀት ላይ ስቆጥር ነው። በንጽህናዋ ወቅት የተፈታች ሴት፣ የጀመረችው ንጽህና እንደ አንድ ከተቆጠረላት፣ ሦስተኛው የወር አበባ እንደጀመራት ዒዳዋ (የመጠበቂያ ጊዜዋ) ያበቃል፤ በሐነፊዎች አቆጣጠር ግን ያንኑ የወር አበባ መጨረስ ይኖርባታል። ፍቺው መመለስ የሚቻልበት ዓይነት ከሆነ፣ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ባልየው ያለ አዲስ ኒካሕ (የጋብቻ ውል) ሊመልሳት መቻሉም ሆነ አንዳቸው ቢሞቱ መወራረሳቸው በዚህች ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ ደግሞ ጉዳዩ ወደ አንዲት ፊደል ይወርዳል። በውዱእ (ከሶላት በፊት በሚደረገው መታጠብ) ጊዜ ራስን ስለማበስ የተነገረው ቃል ላይ፣ መላውንም ከፊሉንም ወደ ማለት ልትወሰድ የምትችለው «ባ» የተባለች ፊደል ስለገባችበት (ስንት ጊዜ ሳላስተውላት እንዳለፍኳት ባልናገር ይሻላል)፣ ማሊኪዎች መላውን ራስ፣ ሐነፊዎች ሩቡን፣ ሻፊዒዮች ደግሞ ጥቂቱንም ቢሆን ማበስ ግዴታውን ያሟላል ይላሉ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሐነፊዎች «ኢስቲሕሳን» የሚሉት፣ ማለትም ለበለጠ ምክንያት ቂያስን መተው ነው። አንድ ሰው ባለሙያ ጫማ እንዲሠራለት ቢዋዋል፣ ጫማው ገና ስለሌለ ውሉ በቂያስ ሲታይ አይጸናም፤ ሐነፊዎች ግን ሰዎች ያለ ተቃውሞ ሲሠሩበት የኖሩ ልማድ ነው በማለት ቂያሱን ትተው ፈቅደውታል። ኢማም ሻፊዒይ (እ.ኤ.አ. 767–820) «አር-ሪሳላ» በተባለው መጽሐፋቸው ኢስቲሕሳንን የራስን ዝንባሌ እንደመከተል ቆጥረው ነቅፈውታል። እኔም መጀመሪያ ወደ እርሳቸው አዘንብዬ ነበር፤ ሆኖም በጫማው ምሳሌ ፈቃዱ የተመሠረተው በፈራጁ ስሜት ላይ ሳይሆን በሕዝብ ልማድ ላይ ስለሆነ፣ ነቀፌታው ሐነፊዎች ያሉትን በትክክል የሚመታ አይመስለኝም። ሻፊዒዮችም ቢሆኑ ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ ከተከፈለና ሌሎቹ ቅድመ ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ ገና ያልተሠራን ነገር በ«ሰለም» (ዋጋው ቀድሞ ተከፍሎ ዕቃው ወደፊት በሚሰጥበት) ውል መሸጥን ይፈቅዳሉ።

አሁን የደረስኩት ማሊኪዎች ለመዲና ሰዎች ተግባር በሚሰጡት ክብደት ላይ ነው። ኢማም ማሊክ ሻጭና ገዢ እስካልተለያዩ ድረስ ውሉን የመተው መብት እንዳላቸው የሚገልጸውን ሐዲስ «ሙወጠእ» በተባለው በራሳቸው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ዘግበው ሳለ፣ ለዚህ በእኛ (በመዲና) ዘንድ የታወቀ ወሰንም ሆነ የሚሠራበት ልማድ የለም በማለት አልሠሩበትም። እዚህ ገጽ ላይ ከቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።