በጨው የተጠጣ ቡና

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ። በየዓመቱ ይህን ሰላምታ የምጽፈው አያቴን እጅ ነሥቼ ከተመረቅሁ በኋላ ነበር፤ እምዬ ባለፈው ጥር ስላረፉ የዘንድሮውን ያለ ምርቃት ጀምሬዋለሁ።

ለብዙ ሰው መስከረም የአደይ አበባ ወር ነው። ለእምዬ ግን የንዳድም ወር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ በቦርከና ዳርና በጨፋ ሜዳ ያቆረው ውኃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታልና፣ ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ ከከሚሴና ከሐርቡ በኩል ደግሞ ትኩሳት ያንዘፈዘፋቸው ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ጤና ጣቢያው በር ላይ ይደርሱ ነበር። እስከ ኅዳር ፋታ የለም። ስለዚህ የእንቁጣጣሽ ዶሮ በእኛ ቤት የሚበላው ማታ ነው፤ እኛ የልጅ ልጆቹም በየዓመቱ ሳናሰልስ እናኮርፋለን።

እምዬ ደሴ ላይ ጤና ረዳትነት ተምረው ሥራ የጀመሩት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው። ሰው «ሲስተር» ሲላቸው «ጤና ረዳት ነኝ» ብለው ያርሙት ነበር፤ ያልተማሩትን ማዕረግ መቀበል ያልሰጡትን መድኃኒት ሰጠሁ እንደ ማለት ይቆጥሩት ነበር። የሕፃናት የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የበረዶ ሣጥናቸውን ይዘው ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ይወርዱ ጀመር። የባቲ ገበያ ደገኛውንም የአፋር አርብቶ አደሩንም በአንድ ቀን ስለሚሰበስብ፣ ሳምንት ሙሉ መንደር ለመንደር ተዙሮ የማይገኘው ሕፃን እዚያ ይገኛል። መርፌ ፈርታ ልጇን የምትሸሽገውን እናት «አብሽሪ» ይሏትና አስቀድመው ስለ ፍየል ዋጋ ያጫውቷታል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተያዘ እንደሚበላሽ እያወቁ፣ በረዶው እየቀለጠ፣ ስለ ፍየል ማውራታቸው ባልደረቦቻቸውን ያስጨንቅ ነበር አሉ።

በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በሰልፍና በሙዚቃ ሲከበር፣ እምዬ ኮረም መጠለያ ውስጥ ነበሩ። በረኃቡ ላይ ኩፍኙ፣ ተቅማጡና ተስቦው ተደርበው ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ስለዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ በጠየቅናቸው ቁጥር የሚመልሱልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስኳር አለቀ።» ሕይወት አድን ንጥሩ በሌለበት ቦታ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ተቅማጥ ያደረቀውን ሕፃን ሊያተርፈው ይችላል። ጨዉ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቡና ላይ ስኳር ቀረ። በወሎ ቡናን በጨው መጠጣት እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ጎረቤቱ ልማድ ነው ብሎ አልፎታል። ስኳሩ ግን በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ማንኪያዋ ተሰክታበት፣ ሌሊት በር ለሚያንኳኳ ሰው ይቀመጥ ነበር። በበዓል ቀን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በእነርሱ እጅ የታረደው ዶሮ በሌላ ድስት ተሠርቶ ከቀረበ በኋላ ቡናው ይፈላል፤ ከአቦሉ በኋላ ቶናው እስኪደርስ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ ቤቱ ሁሉ «አሚን» ሲል፣ እምዬ አራስ የተነሡትን ሴቶች አንድ በአንድ የስድስቱንና የግማሹን ልክ ያስደግሟቸዋል። አንዷ ጨዉን ካበዛች ምርቃቱም ይቆማል፤ የበዛ ጨው ሕፃኑን ይጎዳልና እስክታስተካክል ሽማግሌውም ይጠብቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለበዓል ስናሰናዳ ቆርቆሮውን ከፈትነው። ስኳሩ እርጥበት ነክቶት እንደ ድንጋይ ስለጠጠረ ማንኪያዋን ለማውጣት ታገልን። አክስቴ ከሱቅ አዲስ ስኳር አስመጥታ ሞላችውና መልሳ ከደነችው። ዛሬ ጠዋት ቡናውን በጨው ጠጣን።

ዓመቱ የጤና ይሁንላችሁ። ከሚሴ፣ ሐርቡና ባቲ ያላችሁ፣ በዓል ነው ብላችሁ ዛሬ ማታ አጎበሩን ሳትዘረጉ እንዳትተኙ።