በረንዳ ላይ ለሚተከል ነገር አፈር ስመርጥ

አራት ኪሎ፣ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ እሬትና በሶብላ ተክያለሁ። ለማሰሮ አፈር ስመርጥ ከለምነቱ በፊት የማየው ውኃ ማሳለፉንና አየር መያዙን ነው። ሥር አየር ካጣ ይበሰብሳል፤ ማዳበሪያም አያድነው።

ችግኝ ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያሞግሱት ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ቅጠል በስብሶ ያጠቆረው ነው፤ ሌላው ዋልካ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ ጥሩ ጤፍ ያበቅላል። ማሰሮ ውስጥ ግን ሲደርቅ ከግድግዳው ይላቀቅና ውኃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል፤ መሃሉ እንደደረቀ ይቀራል።

ከመግዛቴ በፊት ቆንጥሬ አርሰውና በጣቶቼ መሃል አድቦልቡዬ እስበዋለሁ። እንደ ክር ተስቦ ሳይበጠስ ከታጠፈ ሸክላው በዝቷል፤ ቶሎ ከተበጣጠሰ እወስደዋለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ጥቂቱን በባዶ ሃይላንድ ከውኃ ጋር እንጠዋለሁ። አሸዋው ወዲያው ታች ይቀመጣል፣ ሸክላው ግን ውኃውን እንዳደፈረሰ ያድራል።

የማምንበት ድብልቅ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽና አንድ እጅ ሬድ አሽ ነው። ሬድ አሽ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ስለሆነ አፈሩ እንዳይጠቀጠቅ ያደርጋል። ለወለል ሙሌት ስለሚጠቀሙበት ግንባታ ባለበት ሁሉ አይጠፋም። ሰፈራችን የሚሠራውን ሕንፃ የሚጠብቁትን «ጋሼ፣ አንድ ባልዲ ልግዛ?» ብላቸው፣ አለቃቸውን ጠይቀው «ውሰጂ ልጄ» አሉኝ። ነፍቼ ዱቄቱን ጣልኩ፤ ሽምብራ የሚያክለውን አጥቤ ቀላቀልኩ። ለእሬትና ለጥብስ ቅጠል ሬድ አሹን አበዛለሁ፣ እርጥበት ለሚወደው በሶብላ እቀንሳለሁ።

ብስባሹን የማዘጋጀው ከቅጠልና ከቡና አተላ ነው። አተላውን እንዳለ አፈር ላይ መድፋት አይበጅም፤ ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ውኃ ይከለክላል። ፍግም ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ሥር ያቃጥላል።

ማሰሮ ታች ጠጠር መደርደር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ ሞልቶ ሲተርፈው ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። ቀዳዳውን በወንፊት ቁራጭ ሸፍኜ ድብልቁን እስከ ታች እሞላለሁ። ብስባሹ እየበሰበሰ አፈሩ ስለሚጎድል፣ ክረምቱ ሲወጣ አዲስ ብስባሽ ከላይ እጨምራለሁ።