አንድ ኮድ፣ ሦስት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፦ ቢልዱን እንዴት እንዳስማማሁት

ፕሮግራሟ ትንሽ ናት። የአማርኛ ጽሑፍ ትቀበልና ሀን፣ ሐን እና ኀን፣ ሰን እና ሠን፣ አን እና ዐን፣ ጸን እና ፀን ወደ አንድ መልክ ታመጣለች። ከዚያ የቃላት ማውጫ ታወጣለች። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውም «ጸሀይ» ብሎ የጻፈውም ማውጫው ውስጥ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የጻፍኳት በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ነው፤ ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ፣ በአንድ ሜክፋይል (ኮዱ እንዴት ወደ ፕሮግራም እንደሚቀየር የሚናገር ፋይል)። ተርሚናል ከፍቼ «ሜክ» ካልኩ ኮምፓይል ሆና፣ ከኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ተቀይራ፣ ትወጣለች። በቃ።

የሚፈልጓት ሰዎች ግን ኡቡንቱ የላቸውም። አራሚዎች፣ የመጽሐፍ አዘጋጆች፣ ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ የማውቃቸው ቢሮዎች በሙሉ ዊንዶውስ ነው ያላቸው። ኮዱ ላይ የሚያግዘኝ ጓደኛዬ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ የሱ ላፕቶፕ ማክ ነው። ስለዚህ ኮዱን ሳልነካ፣ ወይም በትንሹ ነክቼ፣ ሦስቱም ላይ ቢልድ የሚሆንበትን፣ ማለትም ከኮዱ የሚሠራ ፕሮግራም የሚወጣበትን፣ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ደብሊውኤስኤል አለልህ አይደል» ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው ማለት ነው። ለፕሮግራመር ግሩም ነገር ነው። ግን እዚያ ውስጥ የሚወጣው ፕሮግራም ያው የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን አራሚ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ዊንዶውስዎ ውስጥ ሊኑክስ ይጫኑ» ልል ነው? የሊኑክስ ዓይነት መሣሪያዎችን ዊንዶውስ ላይ የሚያመጣውን ኤምሲስ ቱን በቁም ነገር አስቤበት ነበር፤ እሱ እውነተኛ የዊንዶውስ ፕሮግራም ያወጣል። የተውኩት ዊንዶውስ ላይ ኮዱን ሊነካ የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን መጫን ስላለበት ነው።

የመረጥኩት ሲሜክን ነው። ሲሜክ ራሱ ኮምፓይል አያደርግም። አንድ መግለጫ ያነብና ለየቦታው የሚስማማውን ፋይል ይጽፋል፦ ሊኑክስ ላይ ለሜክ ወይም እሱን ለሚመስለው ለኒንጃ፣ ዊንዶውስ ላይ ለማይክሮሶፍቱ ቪዡዋል ስቱዲዮ፣ ማክ ላይ ከተፈለገ ለአፕሉ ኤክስኮድ። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ኪትዌር የተባለ ድርጅት ለሕክምና ምስል ማቀነባበሪያ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ብሎ የጀመረው ነው። ያን ሥራ የደገፈው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ሶፍትዌሩ ብዙ ዓይነት ማሽን ላይ እንዲሰራ ስለተፈለገ ተወለደ። ቋንቋው ያስጠላል። ይህን የማይል ሰው ብዙ አልተጠቀመበትም።

ወደ ሲሜክ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ሥራ ሠራሁ፣ ዛሬም ቢሆን መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። ሜክፋይሉን ከፈትኩና እያንዳንዱን መስመር «ይሄ ማንን ነው የሚጠራው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሜክ ራሱ ምንም ጥፋት የለበትም። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ሲሠራው ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ምንጩ ከተቀየረ ውጤቱን እንደገና ሥራ። ያ ሐሳብ የትም ይሄዳል። የማይሄደው ከሥሩ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው። ጽሑፍ የሚተካው ሴድ፣ ጽሑፍ የሚያቀነባብረው ኦክ፣ ፋይል የሚፈልገው ፋይንድ፣ ኮፒ ማድረጊያው፣ ማጥፊያው፣ ቀን ማውጫው፤ ሁሉም የኔ ማሽን ሳልጠይቀው የሰጠኝ ነው። ሜክፋይሉን ሳየው አብዛኛው መስመር ኮምፓይለሩን አይጠራም ነበር።

ሴድን እንይ። የቨርዥን ቁጥሩን ፋይል ውስጥ የምተካው በእሱ ነበር፣ ፋይሉን እዚያው በሚቀይረው ማይነስ አይ አማራጭ። ኡቡንቱ ላይ ያለው ግኑ የተባለው ፕሮጀክት የሠራው ሴድ ነው፤ ከማይነስ አይ ቀጥሎ ምንም ባትሰጠው ግድ የለውም። ማክ ላይ ያለው፣ ከቢኤስዲ (ሌላ የዩኒክስ ዝርያ) የመጣው ሴድ ደግሞ የግድ የመጠባበቂያ ቅጂ ቅጥያ ይፈልጋል። ካልሰጠኸው የመተኪያ ትእዛዝህን ቅጥያ ነው ብሎ ይወስደውና የፋይልህን ስም እንደ ትእዛዝ ሊያነብ ይሞክራል። ጓደኛዬ የላከልኝ ኤረር ስለ ፋይሉ ስም የመጀመሪያ ፊደል የሚያወራ ነበር፤ ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ጉድ ነው። ሁለቱንም የሚያስማማ አጻጻፍ አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ግን ሴድ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ሥራውን ሲሜክ ራሱ እንዲሠራው አደረግኩ፤ «ኮንፊገር ፋይል» የሚባለው ትእዛዝ የተሠራው ለዚህ ነው። ኮፒ ማድረጉንም፣ ፎልደር መፍጠሩንም፣ ማጥፋቱንም «ሲሜክ ማይነስ ኢ» በሚባለው በኩል አዞርኩት፤ ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ኦክ የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም ኤረር እንኳ አይሰጥም። የፊደል ሰንጠረዡን ከጽሑፍ ፋይል አንብቦ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ የሚያወጣ ስክሪፕት ነበረኝ። ግኑ ኦክን የ«ሰላም» ርዝመት ስንት ነው ብትለው 3 ይልሃል። ብዙ ጊዜ ከደቢያንና ከኡቡንቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ማውክ የተባለ ሌላ ኦክ ደግሞ 9 ይላል። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ፊደልን ወደ ቁጥር የመቀየሪያ ስልት ሦስት ባይት ነው፤ ማውክ የሚቆጥረው ባይቱን ነው። ዊንዶውስም ማክም ሳይመጡ፣ ሊኑክስ ከሊኑክስ ጋር ሳይስማማ ማለት ነው።

ስክሪፕቱን ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ልጻፈው ወይ ብዬ ነበር። ፓይተን ያልተጫነበት ዊንዶውስ ላይ «ፓይተን» ብለህ ብትጽፍ ግን የማይክሮሶፍት መደብር ተከፍቶ ይመጣብሃል። አልፈለግኩትም። በምትኩ ራሱን በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩት፤ ሲሜክ መጀመሪያ ይቺን ረዳት ፕሮግራም ቢልድ ያደርጋል፣ ያስኬዳታል፣ ከዚያ እሷ ያወጣችውን ኮድ ከዋናው ጋር ያጠናቅራል። ኮምፓይለር ያለው ሰው ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ከሠራሁት ሁሉ በጣም ያተረፈኝ ይሄ ይመስለኛል።

ዊንዶውስ ላይ ቀጣዩ ጣጣ ኮምፓይለሩ ነበር። መጀመሪያ ማግኘቱ ራሱ። ቪዡዋል ስቱዲዮ ብዙ ጊጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ የሚሞከር አይደለም። ለሚቸገር ሰው ሁለት ነገር ልንገር። አንደኛ፣ ሙሉው ቪዡዋል ስቱዲዮ አያስፈልግም፤ «ቢልድ ቱልስ» የሚባለው ብቻውን ይበቃል። ሁለተኛ፣ መጫኛው «ሌይአውት» የሚባል አማራጭ አለው፤ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሁሉንም ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ታወርድና ቤት ያለ ኢንተርኔት ትጭናለህ።

ከተጫነ በኋላ ያው አማርኛው ነው ያስቸገረኝ። ኮዴ ውስጥ 'ሐ' ተብሎ በነጠላ ትእምርተ ጥቅስ የተቀመጠ ፊደል ሞልቷል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር፣ ፋይሉ መነሻው ላይ ልዩ ምልክት ከሌለው በቀር፣ ሶርስ ኮዱን የሚያነበው ዊንዶውሱ በተዋቀረበት የቆየ ኮድ ፔጅ (የፊደልና የቁጥር ሰንጠረዥ) ነው። የኔ ላይ ያ የምዕራብ አውሮፓው ነበር። ስለዚህ አንዷ «ሐ» ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ሆና ታየችው፤ በአንድ ፊደል ቦታ በጣም ብዙ ፊደል አስገብተሃል አለኝ። መድኃኒቱ «ስላሽ ዩቲኤፍ 8» የሚባል አማራጭ ነው፤ ከቪዡዋል ስቱዲዮ 2015 ሁለተኛው አፕዴት ጀምሮ አለ። ሲሜክ ውስጥ ይህን ስትጨምር «ዊንዶውስ ከሆነ» ብለህ አትጠይቅ፤ «ኮምፓይለሩ የማይክሮሶፍት ከሆነ» ብለህ ጠይቅ። ዊንዶውስ ላይ በግኑ ኮምፓይለር የሚሠራም ሰው አለ፤ እሱ ጋ ይሄ አማራጭ ትርጉም የለውም። ብዙ ሲሜክ ፋይሎች ላይ የማየው መደበላለቅ ይሄ ነው።

ቢልዱ እሺ ሲል የኤግዚ ፋይሏን (ዊንዶውስ ላይ የምትነሳውን ፕሮግራም) ለአራሚው ላክኩላቸው። ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ዲኤልኤል የሚባል ነገር የለም ይለኛል» አሉ። የማይክሮሶፍቱ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ እሳቸው ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም። ላይብረሪው ፕሮግራሟ ውስጥ እንዲካተት አደረግኩ፤ ከሲሜክ 3.15 ወዲህ በአንድ መስመር የሚሆን ነገር ነው። ፋይሉ ትንሽ ይወፍራል፣ ይወፍር። እንደገና ላክኩ። እንደገና ደወሉ። «አሁን ደግሞ ሁለቴ ነካሁት፣ ጥቁር ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።» ይሄ እንኳን የቢልድ ጉዳይ አይደለም፤ በተርሚናል የምትሠራ ፕሮግራም ሁለቴ ሲነኳት እንዲያ ነው የምትሆነው። «ጋሼ፣ ጽሑፉን ይያዙትና ምልክቷ ላይ ይጣሉት፣ ውጤቱን እዚያው አጠገቡ ታስቀምጥልዎታለች» አልኳቸው። ጣሉት። ፋይሉን አላገኘሁትም አለች፤ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ደርድራ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጽሑፋቸው ስም በአማርኛ ነው። የዊንዶውስ የተጠቃሚ ስማቸውም በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ ወደ ማንኛውም ፋይላቸው የሚወስደው መንገድ ግዕዝ ፊደል አለበት። ዊንዶውስ ደግሞ ለተራ የሲ ፕሮግራም ስሙን የሚያቀብለው በዚያው የቆየ ኮድ ፔጅ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። የተለመደው መፍትሔ ፋይል የሚከፍተውን ኮድ ሁሉ በዊንዶውስ ሰፊ ፊደል ስልት መጻፍ ነው። ያን ባደርግ ኮዱ ለሁለት ይከፈልብኝ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1903 ወዲህ ግን ሌላ መንገድ አለ። ማኒፌስት የምትባል ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ትጽፍና «የዚህ ፕሮግራም ኮድ ፔጅ ዩቲኤፍ 8 ነው» ትላለህ። ሲሜክ ማኒፌስቷን ከሶርስ ፋይሎቹ ጋር ከደረደርክለት ኤግዚው ውስጥ ይከትልሃል። የኮዱ አንድ መስመር ሳይነካ ተፈታ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዊንዶውሶች ላይ አይሰራም፤ ለእነሱ የፋይሉን ስም በላቲን ጻፉ ከማለት ሌላ ያደረግኩት የለም።

ማክ በንጽጽር ዝም ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ያጋጥማል። የማክም የዊንዶውስም ፋይል ሲስተም በነባሪው ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም፣ የሊኑክሱ ይለያል። ጓደኛዬ የፋይሉ ስም በትንሽ ፊደል ሆኖ በትልቅ ፊደል ይጠራዋል፤ እሱ ጋ ይሠራል፣ እኔ ጋ «የለም» ይላል። የላቲን ስሞች በሙሉ በትንሽ ፊደል ይሁኑ ተባብለን ተገላገልን። የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለውም የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር (አፕል ሲሊከን) ባለውም ማክ ላይ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ለማውጣት ለሲሜክ ሁለቱን አርክቴክቸር መንገር በቂ ነው፤ ዋናው «ፕሮጀክት» የሚለው መስመር ከመምጣቱ በፊት ካልሆነ ግን አይሰማህም። ማክ ፕሮግራሟን እንዲያምናት በአፕል ለማስፈረም በዓመት 99 ዶላር ይጠየቃል፤ የማክ ተጠቃሚያችን ራሱ ቢልድ የሚያደርግ አንድ ሰው ስለሆነ ተውነው።

የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊትም ድርሻ አለው። የዊንዶውሱ ጊት በነባሪው ሲጫን የመስመር መጨረሻውን ወደ ዊንዶውስ ዓይነት ይቀይራል፤ የማይታይ አንድ ምልክት ይጨምራል። ፕሮግራሟን የሚፈትኑት ቴስቶቼ የሚጠበቀውን ውጤት ከፋይል እያነበቡ የሚያወዳድሩ ናቸው፤ ዊንዶውስ ላይ ሁሉም ወደቁ፣ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ከፍተህ ብታያቸው ግን አንድ ናቸው። ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ውስጥ «ጊት አትሪቢዩትስ» የተባለውን ፋይል አስቀመጥኩና የቴስት ፋይሎቹ እንዳይነኩ አዘዝኩ። ፕሮግራሟም ፋይል የምትከፍተው በባይነሪ ሁነታ፣ ባይቱ ሳይቀየር፣ ሆነ።

ሊኑክስን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የወጣችው ፕሮግራም ግን 20.04 ያለው ሰው ጋ አልተነሳችም፤ የጂሊብሲን፣ የሊኑክሱን መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ፣ አዲስ ቨርዥን ትፈልጋለች። አሮጌው ላይ የተሠራ አዲሱ ላይ ይሄዳል፣ በተቃራኒው አይሆንም። አሁን ለሌላ ሰው የምሰጠውን ዶከር ውስጥ (ሌላ ሊኑክስን ማሽኑ ላይ ለይቶ በሚያስኬደው መሣሪያ) 20.04 ላይ ነው ቢልድ የማደርገው።

ማክ የለኝም። ዊንዶውሱንም ሁልጊዜ አልከፍተውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ ጊትሀብ አክሽንስ በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ በሦስቱም ይፈተናል፤ ሪፖው ክፍት ስለሆነ አይከፈልበትም። ለውጡን ወደዚያ ፑሽ አድርጎ (ልኮ) መጠበቁ ያሰለቻል። በተለይ ሲሜክ ፋይል ላይ አንዲት ቅንፍ ቀይረህ ስትጠብቅ። ግን ከቴስቶቹ አንዱ ስሙ «ጸሎት» የሆነ ፋይል፣ ስሙ «የኔ ሥራ» በሆነ ክፍተት ባለው ፎልደር ውስጥ ከፍቶ ያነባል። ከሁሉም ቴስት ብዙ ጊዜ የሚያስጠነቅቀኝ እሱ ነው። አማርኛ የሚነካ ፕሮግራም ያለው ሰው ይህን ቴስት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ቢጽፈው ይሻላል።

አሮጌው ሜክፋይል አልተጣለም። ጥቂት መስመር ሆኖ እዚያው ሪፖው ውስጥ አለ፤ የሚያደርገው ሲሜክን መጥራት ብቻ ነው። ጣቴ «ሜክ» መጻፍ ስለለመደ።