የቡድን ሥልጠና ወይስ የግል አሠልጣኝ? መጀመሪያ ውሻው ይጠየቅ

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ሰው ቀድሞ የሚያሰላው ገንዘቡን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህ ውሻ ሌላ ውሻ እያየ መብላት ይችላል?

የፈራ ወይም የተቆጣ ውሻ ቶሎ ከሚተዋቸው ነገሮች አንዱ ምግብ ነው። ስለዚህ ሌሎች ውሾች ወደሚታዩበት ቦታ ወስዶ፣ 30 እርምጃ ያህል ርቆ በመቆም የአተር ፍሬ የምታክል ሥጋ መስጠት ብዙ ነገር ይናገራል። ለስለስ አድርጎ ተቀብሎ ዐይኑን ወደ ባለቤቱ ከመለሰ ደህና ነው፤ ወደ 20፣ ቀጥሎም ወደ 10 እርምጃ መጠጋት ይቻላል። ጣት እስኪያም ከነጠቀ ውጥረቱ ጀምሯል። ጉርሻው አፍንጫው ሥር ተይዞለት እንዳላየ ካለፈው ደግሞ በዚያ ርቀት ላይ ማስተማር ከንቱ ልፋት ነው። ታዲያ ያንኑ ሥጋ ቤት ውስጥ እንደሚወደው አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የጠገበም ውሻ እምቢ ይላልና።

በቡድን ሥልጠና ውስጥ በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከጥቂት እርምጃ አያልፍም። በ10 እርምጃ መብላት ያቃተው ውሻ እዚያ ሲገባ ሰዓቱን ሙሉ ገመዱን እየጎተተ ይጮኻል፤ ይዞት የሚወጣውም ትምህርት «ሌላ ውሻ ባለበት ጭንቅ አለ» የሚል ነው። ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ዝም ያለው ነው። ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ ራሱን ሳያዞር በዐይኑ ጥግ ያያል፤ የዐይኑ ነጭም ይታያል። ባለቤቱ «ጨዋ ነው» ይላል። ውሻው ግን በፍርሃት ደርቋል።

መብላት ለሚችለው ውሻ የቡድኑን ያህል ጠቃሚ ነገር የለም። ውሻ ትእዛዝን የሚማረው ከቦታው ጋር ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ «ተቀመጥ» ሲባል የሚቀመጠው መንገድ ላይ ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ይመስላል። ይህ እልኸኝነት አይደለም፣ ትምህርቱን ወደ ሌላ ቦታ ገና አላሸጋገረውም እንጂ። ሌሎች ውሾች፣ እንግዳ ሽታና የሰው ድምፅ ባለበት መለማመድ ያንን ይሞላል። ለቡችላማ ጊዜውም አይጠብቅም፤ ዓለምን በቀላሉ የሚለምድበት ዕድሜ በግምት ከ3 እስከ 14 ሳምንት ነው። በእንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠራው የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ቡችሎች ከ7 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ፣ የመጀመሪያውን የትል መድኃኒት ወስደው፣ የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጣቸው ቢያንስ 7 ቀን በኋላ፣ የቡድን ሥልጠና መጀመር እንደሚችሉ ይመክራል። ክትባቱ ሁሉ እስኪያልቅ ቤት ውስጥ የተዘጋበት ቡችላ ያ ዕድሜ ያልፈዋል።

ከመመዝገብ በፊት ውሻውን ቤት ትቶ አንድ ቀን ሄዶ ማየት ነው። ለአንድ አሠልጣኝ ከ6 ውሻ በላይ ካለ እኔ አልመርጠውም። ቡችሎች ተለቀው ሲጫወቱ አሳዳጁ ለአፍታ ይያዝ፤ ተሳዳጁ ራሱ ከተመለሰ ጨዋታ ነው፣ ወንበር ሥር ከገባ ግን በቅቶታል። ይህን የማያይ አሠልጣኝ የፍርሃትን ዘር ይዘራል።

ቤት ውስጥ ብቻ የሚታይ ችግር ደግሞ የሚፈታው እዚያው ቤት ነው። ሰው ወደ ሳህኑ ሲጠጋ የሚያጉረመርም፣ እንግዳ ሲገባ የሚዘል፣ ብቻውን ሲቀር በር የሚቧጭር ውሻ ቡድን ውስጥ ፍጹም ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ የግል አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ወይም መንከስ ከጀመረ ግን ከአሠልጣኙ በፊት የእንስሳት ሐኪም፤ ጆሮው ወይም መገጣጠሚያው የታመመ ውሻ በሥልጠና አይድንም።

በግል ሥልጠና ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት ገመዱ በአሠልጣኙ እጅ መቆየቱ ነው። ውሻው ለእሱ ይታዘዛል፣ እሱ ሲሄድ ትእዛዙም አብሮት ይሄዳል። ከሰዓቱ አብዛኛውን ገመዱን መያዝ ያለበት ባለቤቱ ነው። በብዙ አገር ማንም ተነሥቶ ራሱን አሠልጣኝ ብሎ መጥራት ስለሚችል ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ግድ ነው፤ ውሻው ሲሳካለት ምን ይደረግለታል? ሲሳሳትስ ምን ይደረግበታል? ለሁለተኛው መልሱ አንገት የሚያንቅ ሰንሰለት ወይም የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ከሆነ አመስግኖ መሄድ ነው። ማጉረምረሙን በሕመም ያስተዉት ውሻ ፍርሃቱ አልጠፋለትም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው።

ብዙ ጊዜ ልቤ የሚያዘነብለው ሁለቱን ወደ ማስከተል ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በግል፣ ከዚያ በቡድን። በየትኛውም ቢሆን የሳምንት አንድ ሰዓት ብቻውን ውሻ አያሠለጥንም። በቀን 3 ጊዜ፣ 5 ደቂቃ ያህል ቤት ውስጥ መለማመድ ያስፈልጋል። ከ10 ሙከራ 8 ከተሳካለት ይከበድለት፤ ግን ርቀቱን፣ ቆይታውንና ግርግሩን አንድ በአንድ እንጂ ሦስቱንም በአንዴ አይደለም።

የመጀመሪያው የቡድን ቀን 10 ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ በሩ አጠገብ ያለውን ጥግ መያዝ፣ ቤት የሚተኛበትን ምንጣፍም ማንጠፍ ነው። በመካከል ጉርሻ እምቢ ካለ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ትንሽ ማስነፍነፍ፣ መብላት ሲጀምር መመለስ፤ ካልጀመረ ደግሞ የዚያን ቀን ወደ ቤት መሄድ ነው።